ባናው ሲራገፍ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ላሊበላ አካባቢ፣ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። የአሥር ዓመት ልጄን ባና ሲራገፍ ያስነጥሰዋል፤ ሌሊት ደረቱ ያፏጫል። ብርድ መትቶት ይሆን?

መልስ፦ ብርድ ብቻ አይመስለኝም። ባናና ፍራሽ ውስጥ ዓይን የማያያቸው፣ የቆዳ ቅርፊት የሚበሉ ቅንቅኖች አሉ። የሚጎዳው ኩሳቸው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው። የአንዳንድ ሰው ሰውነት ይህን እንደ ጠላት ቆጥሮ አይጂኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ፕሮቲኑ ሲመለስ ሂስታሚን ይለቀቃል፤ አፍንጫ ይበላል፣ የአየር ቧንቧ ይጠባል።

በ2001 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የጅማ ጥናት የቅንቅኑን ፕሮቲን ከደረት ማፏጨት ጋር አያይዞታል። የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ግን ማፏጨታቸው ያነሰ ነበር (ትል ይዋጥ ማለቴ አይደለም!)።

ቅንቅን ውሃ አይጠጣም፤ እርጥበት ከአየር ይስባል። ስለዚህ ደረቁ በጋ አይመቸውም፤ የክረምቱ እርጥበት ይመቸዋል። አንሶላውን በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውሃ ይጠቡ፤ ባናውን ልጁ በሌለበት ያራግፉ፣ ፀሐይ ላይ ያስጡ። የምድጃ ጭስም ያባብሳል።

ሴትሪዚን የተባለው መድኃኒት ማስነጠሱን ያስታግሳል፤ ለደረቱ ግን አይበቃም። ማፏጨቱ አስም ከሆነ በአፍ የሚሳብ ስቴሮይድ ያስፈልገዋልና ላሊበላ ሆስፒታል ያስመርምሩት። ፕሮቲኑን በትንሽ በትንሹ እየሰጡ ሰውነትን ማላመድም አለ፤ 3 ዓመት ገደማ ይወስዳል።