የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አሰፋፍ

የኮሮና በሽታ በአገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ በኋላ፥ የፋብሪካው መሸፈኛ ዋጋ ከአቅም በላይ ስለ ሆነ፥ ብዙ ሰው በነጠላው ጫፍ አፉን ሸፍኖ ይሄድ እንደ ነበር አንባቢዎቻችን አይዘነጉትም። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአደባባይ መሸፈኛ ማድረግም ግዴታ ሆነ። የስፌት መኪና ያላቸው የየሠፈሩ ሴቶችም ቀሚስ መስፋቱን ትተው መሸፈኛ ወደ መስፋት ዞሩ።

በዚያው ዓመት ክረምት በመካኒሳ አቦ ከአንዲት እናት ቤት ገብተን ሥራቸውን ተመለከትን። ስፌታቸው ያማረ ነበር፤ ነገር ግን በሦስት ድርብ እንዲሰፉ የተነገራቸውን በአንድ ድርብ ብቻ ሰፍተውታል። እኛም በችኮላ፥ «እትዬ፥ ይህ ምን ይከላከላል?» አልናቸው።

«ልጄ፥ ከላይ ሲያዩት አንድ አይደለም ወይ? ሦስት አድርጊ አላችሁኝ እንጂ ለምን ሦስት እንደ ሆነ ማን ነገረኝ?» ሲሉ መለሱልን።

ያፈርነው እኛ ነን። ንድፉን ሰጥተን ምክንያቱን አስቀርተናልና።

ምክንያቱ ይህ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ሲናገርም ሆነ ሲያስል ከአፉ ጥቃቅን ነጠብጣብ ይወጣል። የዓለም የጤና ድርጅት ግንቦት 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ባወጣው ምክር፥ ፊትን የሚነካው ጨርቅ እርጥበት የሚመጥ ጥጥ፥ የመካከለኛው የሚያጣራ፥ የውጪው ደግሞ እንደ ፖሊስተር ያለ እርጥበትን የማያሳልፍ እንዲሆን አመልክቷል። ለውስጡ አቡጀዲ ደኅና ነው። ነጠላ ግን ወደ ብርሃን ሲያዩት ክሩ የተራራቀ ነውና ለብቻው አይበቃም።

ጨርቁ ሳይቆረጥ በፊት በሙቅ ውኃ ይታጠብ፤ ከተሰፋ በኋላ የሚኮማተር እንደ ሆነ በጉንጭ በኩል ክፍተት ይተዋል። ለአዋቂ ርዝመቱ 25፥ ወርዱ 15 ሳንቲሜትር ይበቃል። ከአፍንጫ በላይ ጀምሮ አገጭን እንዲያለብስ በሽንሽን ይሰፋል፥ በግራና በቀኝ ላስቲክ ይደረግለታል። ከዚያ ለባሹ ሻማ አብርቶ እፍ ይበል፤ በቀላሉ ከጠፋ ጨርቁ ስስ ነው። ይህ የላቦራቶሪ ምርመራን አይተካም፥ ነገር ግን በየቤቱ የሚገኝ ፈተና ነው። ትንፋሽ የሚያሳጥርም ቢሆን አይበጅም።

እኒያ እናት ሻማው ሲጠፋ በዓይናቸው ካዩ በኋላ ሌላ ማሳሰቢያ አላስፈለጋቸውም። ዋጋ ቀንሰው በአንድ ድርብ እንዲሰፉለት የለመናቸውን ደንበኛ፥ ሻማ አብርተው እፍ አሰኝተው መለሱት።

የጨርቅ መሸፈኛ በሽተኛ ለሚያስታምም የጤና ሠራተኛ አይሆንም፤ ለእርሱ የሕክምናው መሸፈኛ ያስፈልገዋል። ዕድሜያቸው 5 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ሕፃናትም አይገደዱበት። አንዱ የአንዱን አያድርግ፤ በየቀኑም በሳሙናና በሙቅ ውኃ ይታጠብ።

ስለ ክፍያውም አንድ ቃል እንጨምራለን። ባለሱቁ የጨርቁን ዋጋ ሳይቀበል አንድ ክንድ አይቆርጥም፤ የሴቶቹ ድካም ግን እንደ በጎ አድራጎት ብቻ ሲቆጠር አይተናል። ይህ ትክክል አይደለም። ክሩም፥ መርፌውም፥ ከመኪናው ፊት ያለፈው ሌሊትም በሒሳብ ይግባ።

የዓለም የጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የኮሮና አስቸኳይ ጊዜ ማብቃቱን ካሳወቀ ወዲህ ብዙዎች ንድፉን ጥለውታል። መምህራን ለእጅ ሥራ ትምህርት አንድ ክፍለ ጊዜ ቢመድቡለት እንወዳለን፤ ከመቀሱና ከአቡጀዲው ጋር ሻማውንም ይዘው ይግቡ።