ጋዙ ሳለ እሳቱ ስለ ምን ጠፋ?

በዚህ ዓመት ስለ መፍላትና ስለ መትነን ሳስተምር አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አንሥቶ «መምህር፥ ይህ ነገር ከፈተና በቀር ለምን ይጠቅማል?» ሲል ጠየቀኝ። ደወል ስለ ተደወለ አጥጋቢ መልስ ሳልሰጠው ወጣሁ። አሁን ግን እኔን ራሴን ካሳፈረኝ አንድ ነገር ጋር አያይዤ በዚህ መጽሔት ልመልስለት አስቤአለሁ።

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. በጥር ወር፥ ለትምህርት በእንግሊዝ አገር በቈየሁበት ጊዜ ነው። በዚያ የሚኖር አንድ ወዳጄ ከሚስቱና ከሁለት ዓመት ሴት ልጁ ጋር ለጥቂት ቀን ወደ ስኮትላንድ ሲሄድ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ያረፍነው በኬርንጎርም ተራሮች ግርጌ፥ ኤቪሞር ከምትባለው ከተማ አጠገብ፥ በካራቫን ውስጥ ነበር። ካራቫን ማለት በመኪና ኋላ ተያይዞ የሚጐተት፥ አልጋም ምድጃም ያለው ትንሽ ቤት ነው። ግድግዳው ስስ ስለ ሆነ ማሞቂያው ከተበላሸ የውስጡ ብርድ ከውጭው ብርድ ብዙ አይለይም።

የማሞቂያው አሠራር ይህ ነው። በካራቫኑ ፊት፥ ለብቻው በተሠራ ሣጥን ውስጥ የጋዝ ሲሊንደር ይቀመጣል። ጋዙ ግፊቱን በሚቀንስ መቈጣጠሪያ በኩል ያልፍና በቀጭን ቱቦ ወደ ማብሰያውና ወደ ማሞቂያው ይሄዳል። ማሞቂያው የሚነድበትን አየር ከውጭ ይስባል፤ ጢሱንም በቱቦ ወደ ውጭ ያስወጣል፤ ስለዚህ የእሳቱ አየርና እኛ የምንተነፍሰው አየር አይገናኙም።

ማታ ወዳጄ የማሞቂያውን ቍልፍ ተጭኖ ቢያዞር እሳቱ ተያያዘ፤ ጣቱን ባነሣ ጊዜ ግን ጠፋ። አምስት ስድስት ጊዜ ሞከረ። በመጨረሻም «አንተ የፊዚክስ አስተማሪ አይደለህም ወይ? እስቲ ተመልከተው» አለኝ። እኔም እንደ ዐዋቂ ተንበርክኬ ብዙ ነካካሁ፤ ያገኘሁት ነገር ግን አልነበረም።

በውጭ ያለው ብርድ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ነበር። ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። ወዳጄ ቤቱ እንዲሞቅ ብሎ የማብሰያውን ምድጃ ለኰሰ፤ ነበልባሉ ደካማ ነበር። በወለሉ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ነፋስ ይገባ ስለ ነበር እኔ የአንገት ልብሴን አውልቄ አንዱን ቀዳዳ ደፈንሁ። ሁለተኛውን ልደፍን ስል የወዳጄ ሚስት «መምህር፥ ይተዉ! በተዘጋ ቤት ከሰል ተያይዞ አይታደርም ሲባል አልሰሙም?» አለችኝ።

በዚህ ላይ ጥቂት ልቈይ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነውና። ቀዳዳዎቹ በስሕተት የቀሩ አይደሉም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ቡታን የሚባለው የአየርን ሁለት እጥፍ ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ቢያፈተልክ እንደ ውሃ ወደ ወለሉ ይወርድና በቀዳዳዎቹ ወደ ውጭ ይወጣል። ቀዳዳው ከተደፈነ ግን እዚያው ተጠራቅሞ አንዲት ብልጭታ ይጠብቃል። ሁለተኛም፥ የማብሰያው እሳት እንደ ማሞቂያው የጢስ መውጫ ቱቦ የለውም፤ የሚነደውም እኛ ከምንተነፍሰው አየር ኦክሲጅን እየወሰደ ነው። ኦክሲጅኑ ሲያንስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይፈጠራል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለው፤ በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን ከሚሸከመው ከሄሞግሎቢን ጋር፥ ኦክሲጅን ከሚጣበቀው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። በአገራችን ከሰል በተዘጋ ቤት ሲያድር ሰው የሚሞተው በዚሁ ነው። ራሱን ያመመውና ያቅለሸለሸው ሰው ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት አለበት እንጂ «ጥቂት ጋደም ልበል» ማለት የለበትም። ይህ ጋዝ ሲኖር የሚጮኽ መሣሪያ በካራቫኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ባትሪው ግን አልቋል። እኔ ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ዐውቀዋለሁ፤ ቀዳዳውን የደፈንሁትም እኔው ነኝ።

ምድጃውን አጠፋን፤ ልብሴንም ከቀዳዳው አወጣሁ። ሕፃኗን በእናቷ ጋቢ ጠቅልለን በመካከል አስተኛናትና እኛም ካፖርታችንን እንደ ለበስን ዐደርን።

እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ነገሩን በቅደም ተከተል ማሰብ ጀመርሁ። የተበላሸው ማሞቂያው ብቻ ቢሆን ኖሮ ማብሰያው በደኅና በነደደ ነበር። የማብሰያውም ነበልባል ከደከመ ብልሽቱ ሁለቱ በሚጋሩት ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም ሲሊንደሩ ወይም መቈጣጠሪያው ነው። በማለዳ ወጥቼ ሲሊንደሩን ባነሣው ከባድ ነው፤ ብነቀንቀውም ፈሳሹ ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ጋዙ አለ፤ ግን አይመጣም። ቀለሙን ባየሁ ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ አገኘሁት። በዚያ አገር ሰማያዊው ሲሊንደር ቡታን፥ ቀዩ ፕሮፔን ነው። ያን ጊዜ ገባኝ።

በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው በግፊት የታመቀ ፈሳሽ ነው፤ የሚነደው ግን ፈሳሹ ፈልቶ የሚሰጠው ጋዝ ነው። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ግን ከፍ ያለ ቦታ ስለ ሆነችና የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ በ92 ዲግሪ ያህል ይፈላል። ቡታንም እንደዚሁ የራሱ መፍያ አለው፤ በባሕር ጠረፍ ግፊት ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው። ብርዱ ከዚያ ከበለጠ ግፊቱ ከውጭው አየር ግፊት ስለሚያንስ ከሲሊንደሩ ገፍቶ ሊወጣ አይችልም። የፕሮፔን መፍያ ግን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ነው። ደግሞም ማናቸውም ፈሳሽ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ ላባችን ሲደርቅ የሚበርደን ስለዚህ ነው። ቡታኑም ጥቂት በተነ ቍጥር የቀረውን ፈሳሽ ያቀዘቅዘዋል። ማታ ጥቂት የነደደልን ሲሊንደሩ ገና እንደ ውጭው አየር ስላልቀዘቀዘ ነው።

ወዳጄ «ሲሊንደሩን ወደ ውስጥ አግብተን እሳት ዳር እናሙቀው» አለ። ይህ በፍጹም አይደረግም! በማረፊያው ካለው ሱቅ ቀይ ሲሊንደር ገዛን። መቈጣጠሪያው ለሁለቱም ጋዝ የሚሆን ነበር፤ ማያያዣቸው ግን ስለማይመሳሰል ለቀዩ የሚስማማ ቱቦ ጨመርን። የፕሮፔኑ ብሎን እንደ ሌላው ሳይሆን ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው፤ ይህን ባለማወቅ ብዙ ታገልን። መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀብተን፥ አረፋው እንደማይነፋ ካየን በኋላ ማብሰያውን ብንለኵሰው ነበልባሉ ሰማያዊና ብርቱ ሆነ።

ማሞቂያው ግን አሁንም ጣት ሲነሣ ጠፋ! ሁለት ብልሽት በአንድ ጊዜ ይመጣል ብዬ አላሰብሁም ነበር። በማሞቂያው ውስጥ ቴርሞካፕል የሚባል፥ ከሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች የተሠራ ቀጭን ዘንግ አለ። ሴቤክ የተባለው ሊቅ በ1821 እ.ኤ.አ. እንደ ደረሰበት፥ ሁለት ልዩ ብረቶች የተጋጠሙበት ጫፍ ሲግል ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ኀይሉ ከቮልት እጅግ ጥቂት ክፍል ቢሆንም በኤሌክትሮማግኔት የጋዙን በር ከፍቶ ለመያዝ ይበቃል። እሳቱ ቢጠፋ ጫፉ ይቀዘቅዛል፥ በሩም ይዘጋል፤ ጋዙም በከንቱ አይፈስም። ጫፉ እስኪግል ድረስ ቍልፉን ተጭኖ መቈየት ያስፈልጋል፤ እኛ ግን ግማሽ ደቂቃ ብንይዘውም አልሆነም። ይህን ክፍል መፍታት የእኛ ሥራ ስላልሆነ የጋዝ ባለሙያ አስጠራን። እርሱም ዘንጉ ከቦታው ሸሽቶ ነበልባሉ ሳይነካው ቀርቶ አገኘው፤ አስተካከለውና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሕፃኗ ጋቢውን ጥላ በባዶ እግሯ ትሮጥ ነበር።

እንግዲህ ለጠየቀኝ ተማሪና ለጓደኞቹ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ያ የቡታን ሲሊንደር አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ የቡታኑ መፍያ ከዜሮ በታች ከግማሽ ዲግሪ ከፍ ይላል ወይስ ዝቅ? ምክንያቱን ጽፋችሁ አምጡልኝ።