ያገለገለ ሳክስፎን ሲገዛ ምን ይታይ?

ጀማሪ ተማሪ ሳክስፎን ሊገዛ ሲሄድ ዐይኑ የሚያርፈው መብረቅረቁ ላይ ነው። ቀለሙ ቢላጥ ግን ድምፁ እምብዛም አይጎዳም፤ የሚጎዳው ፓዱ ሲያፈስ ነው። ፓድ ማለት ቁልፉ ሲጫን ቀዳዳውን የሚደፍነው በቆዳ የተለበጠ ክብ ነገር ነው። ቆዳው ደርቆ አየር ካሳለፈ፣ ተማሪው ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ከንፈሩን ያጠብቃል፤ ይኼ ልማድ ደግሞ በኋላ ቶሎ አይለቅም።

ስለዚህ ከመክፈላችን በፊት ዝቅተኛውን ቢ ፍላት ቀስ ብለን እንንፋ። (ገና ያልለመደ ሰው የሚችል ጓደኛ ይዞ ይሂድ።) ድምፁ ከተንቀጠቀጠ ወይም ወደ ላይኛው ኦክታቭ ከዘለለ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ቦታውን ለማግኘት ስስ ወረቀት በፓዱና በቀዳዳው መካከል አስገብቶ፣ ቁልፉን በስሱ ተጭኖ ወረቀቱን መሳብ ነው፤ ሳይያዝ ከወጣ እዚያ ጋ ነው።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ በ2008 ዓ.ም. ያረፉትን የጌታቸው መኩሪያን ሽለላ የሰማ ሁሉ ቴነር ያምረዋል፤ አይፈረድበትም። ለጀማሪ ግን አልቶ ይሻላል፤ ክብደቱም የሚፈልገው ትንፋሽም ያነሰ ነው።

ከተገዛ በኋላ ፓዱን የሚገድለው እርጥበት ነው። ተጫውተን ስንጨርስ ውስጡን በጨርቅ ማድረቅ፣ ሪዱንም ከማውዝፒሱ ማውጣት አለብን። ለስላሳ ጠጥቶ ሳይጉመጠመጡ መንፋትማ ፓዱን ያጣብቀዋል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጣበቀው የጂ ሻርፕ ነው።