ታካሚው ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት፦ ካኑላን በጥንቃቄ ስለማውጣት

ካኑላ ማስገባትን ለመማር ሁላችንም እንሽቀዳደማለን። ማውጣቱ ግን «ምን አለው፣ ነቅሎ ጎዝ መለጠፍ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ለተግባር ልምምድ በወጣሁባቸው ዋርዶች እንዳየሁት የመውጫ ሰዓት ግርግር ነው፤ አስታማሚው ዕቃ ይሸክፋል፣ ታካሚው ለመሄድ ይቸኩላል። እኔ ግን ይህችን ሰዓት የነርሷ የመጨረሻ ምርመራ ናት እላለሁ። ታካሚው ከበር ከወጣ በኋላ ክንዱን የሚያይለት ባለሙያ ላያገኝ ይችላል።

ከመንካታችን በፊት

በቻርቱ ላይ የመውጫ ትዕዛዝ መጻፉን፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለመቅረቱን እናረጋግጥ። ዋርፋሪን ወይም ሄፓሪን ይወስድ እንደሆነም እንይ። ከዚያ ለታካሚው እናስረዳ። ብዙዎች መርፌው ክንዳቸው ውስጥ ያለ ይመስላቸዋል። «አባባ፣ መርፌው ያኔውኑ ወጥቷል፤ አሁን ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ ነው» ብንላቸው ፍርሃታቸው ይቀንሳል።

አወጣጡ

1. እጃችንን ታጥበን ጓንት እናድርግ፤ ግሉኮስ ካለ እንዝጋው።
2. ካኑላውን በአንድ እጅ ደግፈን ፕላስተሩን ቀስ ብለን እንላጥ። መቀስ አንጠቀምም፤ ካኑላውን ሊቆርጠው ይችላል።
3. ደረቅ ንጹሕ ጎዝ መግቢያው ላይ እናድርግ። አልኮል የነካው ጥጥ ያቃጥላል፣ ደሙም ቶሎ እንዳይቆም ያደርጋል።
4. ካኑላውን ከቆዳው ሳናርቅ በቀስታ እንሳብ። እምቢ ካለ ጉልበት አንጠቀምም፤ ኃላፊዋን ሲስተር እንጠራለን። አጥብቀን የምንጫነው ጫፉ ከወጣ በኋላ ነው።
5. ከ2 እስከ 3 ደቂቃ እንጫን፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። ክንዱ ይዘርጋ እንጂ አይታጠፍ።

ጫፉን እንይ

የወጣው ካኑላ ሙሉ መሆኑን ሳናይ አንጣለው። ከተጠራጠርን ተመሳሳይ ቀለም ካለው አዲስ ካኑላ ጋር ርዝመቱን እናስተያይ። አጥሮ ከተገኘ ቁራጩ ከደም ጋር ወደ ልብና ሳንባ ሊሄድ ስለሚችል፣ ታካሚው ሳይንቀሳቀስ ከመግቢያው በላይ ቱርኒኬት አስረን ሐኪም ወዲያው እንጥራ። የወጣውንም ክፍል ለማሳየት እናስቀምጠው።

ይህ ሁሉ የእጅና የክንድ ካኑላን ብቻ ይመለከታል። የአንገት ወይም ሌላ ማዕከላዊ ካቴተር ሲወጣ አየር ወደ ደም ሥር ሊገባ ስለሚችል የራሱ ሥርዓት አለው፤ ተማሪ ብቻውን አይነካውም።

ከበር ሳይወጡ

የደም ሥር መቆጣት ካኑላው ከወጣ በኋላም እስከ 48 ሰዓት ድረስ ብቅ ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ታካሚው ቤቱ ነው። ስለዚህ «ቦታው ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ መግል ካለው ወይም ትኩሳት ከመጣ ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ደም ከመጣ ጫን አድርገው ይያዙት» ብለን ለእሱም ለአስታማሚውም እንንገር። የተረዱትን መልሰው እንዲነግሩን ብንጠይቅ ደግሞ የበለጠ ነው።

በመጨረሻ ሰዓቱን፣ ቦታው ምን እንደሚመስልና ጫፉ ሙሉ መሆኑን ቻርት ላይ እንጻፍ። ሥራው ቢበዛ ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። ታካሚው ግን ክንዱን ይዞ የሚሄደው ምናልባት ሐኪም ወደሌለበት ቀበሌ ነውና፣ ያቺን ሩብ ሰዓት አንንፈገው።