ወፍራሙ፣ ቀጭኑና ፒያኖው፦ ስለ ሎረልና ሃርዲ ቀልድ ኃይልና ወሰን

በትምህርታችን ውስጥ ስለ ትራዤዲ ብዙ ይነገራል። ንጉሥ ከዙፋኑ ሲወድቅ ለምን እንደምናዝን ከአርስጣጣሊስ ጀምሮ የተጻፈውን እናጠናለን። ፒያኖ የተሸከመ ሰው ከደረጃ ላይ ሲወድቅ ለምን እንደምንስቅ ግን የሚጠይቀን የለም። እንዲህ ያለው ጥያቄ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የማይመጥን ተራ ነገር የሚመስላቸው ጓደኞች አሉ። እኔ በበኩሌ ይህን ሳቅ የሚንቅ ሰው የትራዤዲውንም ነገር አጥብቆ መርምሮታል ብዬ አላምንም። ስለዚህ አንድ አጭር ፊልም ይዤ የዚህ ቀልድ ኃይል ምን ላይ እንዳለ፣ ወሰኑም የት ላይ እንደሆነ ለማሳየት እሞክራለሁ። ፊልሙ በ1932 በአሜሪካ የተሠራው «ዘ ሚውዚክ ቦክስ» ነው፤ «የሙዚቃ ሣጥን» ማለት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ተዋንያን ስታን ሎረልና ኦሊቨር ሃርዲ ይባላሉ። ሎረል በ1890 በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በዚያው በመድረክ ቀልድ ያደገ ቀጭን ሰው ነው። ሃርዲ በ1892 በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት የተወለደ፣ ግዙፍ ሆኖ ሳለ እጁና እግሩ እንደ ዳንሰኛ የሚቀልለው ሰው ነው። ለየብቻቸው ብዙ ፊልም ከሠሩ በኋላ በ1927 በሃል ሮች ስቱዲዮ ጥንድ ሆነው መሥራት ጀመሩ።

የቀልዳቸው ዓይነት ስላፕስቲክ ይባላል። ስሙ የተገኘው በጥንቱ የኢጣልያ ቀልድ ተዋንያን መድረክ ላይ ይዘውት ይወጡ ከነበረው ዱላ ነው። ዱላው ከሁለት ስስ እንጨት የተሠራ በመሆኑ ሰው ላይ ሲያርፍ እርስ በርሱ እየተጋጨ ታላቅ ድምፅ ያሰማል፤ የተመታውን ሰው ግን እምብዛም አያሳምመውም። ድምፁ ብዙ፣ ሕመሙ ጥቂት። ይህችን ዱላ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

በአገራችን የታወቀው ቀልድ አብዛኛው በቃል ላይ የቆመ ነው። የአለቃ ገብረ ሃና ቀልድ ወደ ሌላ ቋንቋ ቢተረጎም ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። የነሎረል ቀልድ ግን በአካል ላይ የቆመ ስለሆነ አስተርጓሚ አይፈልግም። ድምፅ ያለው ፊልም እንደ ተጀመረ፣ በ1930ና በ1931፣ አንዳንዶቹን ፊልሞች ራሳቸው በስፓኝና በፈረንሳይ ቋንቋ ጭምር ደግመው ተጫውተዋቸዋል። ቋንቋዎቹን ሳያውቁ ድምፁን ብቻ እየተከተሉ ነበር የሚናገሩት።

የፊልሙ ታሪክ እንዲህ ነው። ሁለቱ ሰዎች ያላቸውን ሦስት ዶላር ከሰማንያ ሳንቲም ካፒታል አድርገው የዕቃ ማመላለስ ሥራ ከፍተዋል። ሀብታቸው አንድ ፈረስና አንድ ጋሪ ነው። በሣጥን የታሸገ ፒያኖ ወደ አንድ ቤት ማድረስ አለባቸው፤ ቤቱም ከረጅም ደረጃ አናት ላይ ነው። (ደረጃው በሎስ አንጀለስ ከተማ ዛሬም አለ፤ 133 እርከን ነው።) ፒያኖው ይወጣል፤ አንዲት ሞግዚት ከነሕፃኑ ጋሪ ልለፍ ስትል ይለቁታል፤ ይወርዳል። እንደገና ይወጣል፤ ፖሊስ ይመጣል፤ ይወርዳል። አናቱ ላይ አድርሰውት ደወል ሲደውሉ ሣጥኑ ሃርዲን ጎትቶ አብሮት ይወርዳል። በስንት መከራ ካወጡት በኋላ ፖስተኛው ያገኛቸውና በወዲያ በኩል እስከ ደጁ የሚያደርስ የጋሪ መንገድ መኖሩን ይነግራቸዋል። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? ፒያኖውን ደረጃውን ሁሉ መልሰው አወረዱት፤ በጋሪው ጭነውም በመንገዱ አዞሩት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሌላ ቀልደኛ ቢሆን ፖስተኛው ሲናገር ራሱን ስቶ ይወድቅ ነበር፤ ሳቁም በዚያው ያልቅ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ግን ምክር ሰሚዎች ናቸው። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው ተባሉ፤ ታዘዙ። በሥራ ቦታና በመሥሪያ ቤት ዘወትር የምናየው ነገር ነው፤ ደንቡ ከተጠበቀ ፒያኖው ቀድሞ መድረሱን የሚያስብ የለም።

ሁለቱ ሁለት ዓይነት አላዋቂዎች ናቸው። ሎረል አለማወቁን ስለማያውቅ አይጨነቅም፤ ሲወቀስ ጠጉሩን ያክካል፣ ሲብስበትም እንደ ሕፃን ፊቱን አኮማትሮ ያለቅሳል። ሃርዲ ግን አዋቂ ነኝ ባይ ነው። ገለል በል እኔ ልሥራው ብሎ ይቀድማል፤ ስለዚህም በትሩ ሁልጊዜ በእርሱ ላይ ይወርዳል። ወድቆ ሲነሣ ባርኔጣውን ያስተካክላል፣ የከረባቱን ጫፍ በጣቶቹ ያወዛውዛል፣ ከዚያም ቀና ብሎ በቀጥታ ወደ እኛ ወደ ተመልካቾቹ ያያል። ምንም አይናገርም። ታዘቡልኝ፣ ከማን ጋር እንደ ተጣመርሁ እዩልኝ ማለቱ ነው። የቡድን ጥናት ተሰጥቶት ከማይሠራ ጓደኛ ጋር የደረሰው ተማሪ ይህን አስተያየት ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ሆኖም ሃርዲ ጓደኛውን ትቶት አይሄድም። በሚቀጥለው ሥራ እንደገና አብረው ናቸው፤ ለምን አብረው እንደሆኑም ማንም አይነግረንም። ይህ ፍቅር ሳይነገር መቅረቱ ይመስለኛል ቀልዱን ከተራ መውደቅና መነሣት ለይቶ ያቆየው።

ሁለተኛው ኃይላቸው ዝግታ ነው። ከእነርሱ ቀድሞ በማክ ሴኔት ስቱዲዮ የተሠራው ቀልድ ሩጫና ግርግር ይበዛበት ነበር። ሎረልና ሃርዲ ግን አደጋው ከመድረሱ በፊት አስቀድመው ያሳዩናል፤ ከዚያም ያስጠብቁናል። ሣጥኑ መንሸራተት ሲጀምር እኛ እናያለን፣ እነርሱ አያዩም። የምንስቀው ሲወድቅ ብቻ ሳይሆን ገና እስኪወድቅ ስንጠብቅም ነው። በድምፁም ቢሆን ብልሆች ናቸው፤ ሣጥኑ እርከኑን እየመታ ሲወርድ በውስጡ ያለው ፒያኖ ሲጮህ ይሰማል፤ ፒያኖው ራሱ የሚያለቅስ ያስመስለዋል።

ይህ ቀልድ በድሃ ሠራተኛ ላይ መሳቅ ነው የሚል ተቃውሞ አለ። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ፊልሙ የተሠራበት 1932 በአሜሪካ ሥራ አጥ የበዛበት የችግር ዘመን ነበርና። ነገር ግን እስከ መጨረሻው እንየው። የቤቱ ባለቤት በማዕረግ ላይ ማዕረግ የደረደሩ ፕሮፌሰር ናቸው። ደረጃው ላይ ሲያገኟቸው እነዚህ ተራ ሰዎች መንገድ እንዲለቁላቸው ይቈጣሉ። ኋላም ፒያኖ አልወድም ብለው አዲሱን ፒያኖ በመጥረቢያ ይፈልጡታል። ፒያኖው በኤሌክትሪክ ብቻውን የሚጫወት ነበርና በመካከል የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ይጀምራል፤ ፕሮፌሰሩም መጥረቢያውን አውርደው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ መዝሙሩ ሲያበቃ መፍለጡን ይቀጥላሉ። በመጨረሻ ፒያኖው ሚስታቸው ለልደታቸው ያስመጡላቸው ስጦታ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ሳቁ ወደ ላይም ወደ ታችም ይደርሳል፤ ይልቁንም የተማረው ሰው በገዛ እጁ ያጠፋው ያልተማሩት ካጠፉት ይበልጣል።

እስከዚህ ያመሰገንሁት ነገር ግን ወሰኑንም በውስጡ ይዟል። የዚህ ቀልድ ሞተር አለመማር ነው። ከሁለቱ አንዱ ከአንድ ውድቀት አንድ ነገር ቢማር ፊልሙ በዚያች ደቂቃ ያልቃል። ለሠላሳ ደቂቃ ያህል ይህ ጸጋ ነው፤ «የሙዚቃ ሣጥን» ከዚያ ስለማያልፍ ሙሉ ነው፤ በአጫጭር የቀልድ ፊልሞች ዘርፍም የመጀመሪያውን ኦስካር አግኝቷል። ሲኒማ ቤቶች ረጅም ፊልም ሲፈልጉ ግን ችግር መጣ። ረጅም ታሪክ የሚለወጥ ሰው ይፈልጋል፤ እነርሱ ደግሞ አይለወጡም። መፍትሔው ሌሎች ሰዎች እንዲዋደዱና እንዲዘፍኑ ማድረግ ሆነ። በ1938 በተሠራው «ስዊስ ሚስ» ውስጥ የዘፋኞቹ ፍቅር በገባ ቁጥር ዋናዎቹ ሰዎች እንደ እንግዳ ጥግ ይዘው ሲጠብቁ እናያለን።

ከረጅሞቹ እኔ ያለ ማመንታት የማመሰግነው በ1933 የተሠራውን «ሰንስ ኦፍ ዘ ደዘርት» ነው። ሁለቱ ለሕክምና ወደ ሆኖሉሉ እንሄዳለን ብለው ሚስቶቻቸውን አታልለው በሺካጎ ወደሚደረግ የማኅበር ስብሰባ ይሄዳሉ። ይጓዙበታል የተባለው መርከብ ይሰጥማል፤ ሚስቶቹም ሲኒማ ቤት ገብተው በዜና ፊልም ላይ ባሎቻቸው በሰልፍ ሲጨፍሩ ያያሉ። ይህ ፊልም የቆመው ውሸት በባሕርዩ የሚያድግ ስለሆነ ነው፤ ሰዎቹ ባያድጉም ውሸቱ ያድጋል። ሆኖም በዚሁ ፊልም ሌላው ጉድለታቸው ጎልቶ ይታያል። ሚስቶቹ የተታለሉት እነርሱ ሆነው ሳለ፣ የሃርዲ ሚስት እውነት ሳሕን በመወርወር ብቻ እንዲገለጥ ተደርጓል። ሴት በእነዚህ ፊልሞች በአብዛኛው ቁጣ ናት።

አሁን ወደ ዱላዋ እንመለስ። በ1929 በተሠራው «ቢግ ቢዝነስ» ሁለቱ የገና ዛፍ ሻጮች ናቸው፤ ዛፍ አልፈልግም ካላቸው ሰው ጋር ብድር ሲመላለሱ እነርሱ ቤቱን፣ እርሱም መኪናቸውን እስከ መጨረሻው ያፈራርሳሉ። አንዱ ሲያፈርስ ሌላው ተራውን ጠብቆ ቆሞ ያያል። እጅግ ያስቃል። ነገር ግን ቤቱን ማን ይሠራዋል? ሂሳቡ ሳይመጣ ፊልሙ ይዘጋል። ድምፁን ሰማን፣ ሕመሙን አላየንም፤ ስላፕስቲክ ይህን አሳያለሁ ብሎ ቃል አልገባምና አንከስሰውም። ሕመሙን ማየት የሚሻ ቻርሊ ቻፕሊን ዘንድ ይሂድ፤ እዚያ ረኀቡ ከሳቁ ጋር አብሮ ይቀርባል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አልለፍ። በፊልሙ ላይ ሞኙ ሎረል ነው፤ ከካሜራው ጀርባ ግን ቀልዱን የሚያወጣው፣ ፊልሙ ሲቆራረጥም አብሮ የሚቀመጠው እርሱ ነበር። ሃርዲ ሥራው ሲያበቃ ጎልፍ ሊጫወት ይሄድ ነበር። በ1940 ከሃል ሮች ከተለዩ በኋላ የገቡባቸው ትልልቅ ኩባንያዎች ሎረልን እንደ ተዋናይ ብቻ ቈጠሩት፤ ድርሰቱን ሌሎች ጻፉት። የዚያ ጊዜ ፊልሞቻቸው ለዚህ ምስክር ናቸው፤ ባርኔጣዎቹ ያው ናቸው፣ ዝግታው ግን የለም። የመጨረሻውን ፊልማቸውን በ1951 ሲያወጡ ሎረል በሕመም ከስቶ ይታያል። ሃርዲ በ1957 ሞተ። ሎረል ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ያህል ኖሯል፣ በ1961 የክብር ኦስካር ተሰጥቶታል፤ ነገር ግን ያለ ጓደኛው አንድም ጊዜ ተመልሶ አልተጫወተም።