የተጎዳ የጭነት ፈረስን መልሶ ማቋቋም
በድርቅና በሠፈራ አካባቢዎች ስለሚያጋጥም የኮቴ ብግነትና ከመጠን ያለፈ የኮቴ እድገት የቀረበ ትምህርት

መግቢያ

የእርዳታ ሥራ ሲታሰብ በቅድሚያ የሚታወሱት እህል፣ መድኃኒት፣ የጭነት መኪናና መጋዘን ናቸው። ይሁን እንጂ መኪና ከሚደርስበት የማከፋፈያ ጣቢያ እስከ ገበሬው ቤት ያለው ርቀት በአብዛኛው የሚሸፈነው በጋማ ከብት ጀርባ መሆኑ እምብዛም አይነሳም። ኢትዮጵያ በአህዮች ብዛት ከዓለም ሀገሮች የመጀመሪያውን ሥፍራ የያዘች ስትሆን፣ በደጋውና በወይና ደጋው ክፍል ደግሞ ቁመቱ አጠር ያለው የሀገሩ ፈረስ በጭነት፣ በግልቢያና በጋሪ ሥራ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነው።

አምስት አባላት ላሉት ቤተሰብ በነፍስ ወከፍ 15 ኪሎ እህል በወር ቢታደል ድርሻው 75 ኪሎ ይሆናል። አንድ ጤነኛ ፈረስና ነጂው ተጋግዘው ይህን በአንድ ጉዞ ያደርሱታል። ፈረሱ ካነከሰ ግን 25 ኪሎ በጀርባዋ የምትሸከም እናት ሦስት ጊዜ መመላለስ ይኖርባታል። ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ የሚርቅ ከሆነ ሦስት የሥራ ቀን ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ የአንድ ፈረስ ኮቴ ጉዳይ የእንስሳት ሐኪም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእርዳታ አሰጣጥ ጉዳይም ጭምር ነው።

እንስሳቱ ለጉዳት የሚዳረጉበት ሁኔታ

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የሀገሪቱ ክፍል 600,000 ገደማ ሰዎች በሠፈራ ሲዛወሩ፣ የቤት እንስሳት አብረው የሚጓዙበት ዝግጅት አልነበረም። ከድርቁ የተረፈው እንስሳ ተሸጠ፤ ያልተሸጠው ለዘመድ ተሰጠ ወይም ተለቀቀ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረውና 440,000 አባወራዎችን በየክልላቸው ውስጥ ለማስፈር ታቅዶ የነበረው ፕሮግራምም ይህንኑ ጥያቄ እንደገና አስነስቷል። በቆላማው አካባቢ የገንዲ በሽታ ፈረስን ስለሚፈጅ፣ ሠፋሪው ፈረሱን ይዞ ለመሄድ ቢፈቀድለት እንኳ ሁልጊዜ አይበጀውም።

ለትምህርቱ እንዲያመች የሚከተለው ምሳሌ ይወሰድ። ባለቤቱ ወደ ሠፈራ የሄደበት አንድ ፈረስ በዕድሜ ከገፉ ዘመድ ዘንድ ቀረ። አዛውንቱ ሊጭኑትም ሊያሰማሩትም አቅም ስላልነበራቸው በግቢ ውስጥ ታስሮ ከረመ። ድንጋያማ መንገድ የማይረግጥ ኮቴ ስለማይፋቅ፣ የፊቱ ጫፍ እየረዘመ ወደ ላይ ተቆለመመ። ፈረሱም በረሃብ ከሳ። አንድ ሌሊት ገመዱን በጥሶ በአቅራቢያው ካለው መጋዘን ደጃፍ የፈሰሰ ስንዴ እስኪጠግብ በላ። በማግሥቱ መቆም አቃተው። ሠፈርተኛው «ጥጋብ ነው» አለ፤ እውነቱ ግን ሌላ ነበር።

የበሽታው ምንነት

የፈረስ ኮቴ እንደ ሣጥን የተዘጋ ነው። በውስጡ ያለው አጥንት ከኮቴው ግድግዳ ጋር የተያያዘው እንደ መጽሐፍ ገጾች እርስ በርስ በተሰካኩ እጅግ በርካታ ስስ ሕብረ ሕዋሳት ነው። የእንስሳው ክብደት የሚንጠለጠለው በእነዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሲቃጠሉና ሲያብጡ፣ ኮቴው ጠንካራ በመሆኑ እብጠቱ የሚሰፋበት ቦታ አያገኝም፤ ሕመሙም ከባድ ይሆናል። ማያያዣው ከላላ ደግሞ አጥንቱ ከግድግዳው ይላቀቅና ጫፉ ወደ ታች ይዞራል። ጉዳቱ ሲከፋ አጥንቱ የኮቴውን መርገጫ በስቶ ሊወጣ ይችላል።

መንስዔዎቹ በርካታ ናቸው። በምሳሌው እንደታየው በአንድ ጊዜ ብዙ እህል የበላ ፈረስ ሊያስመልሰው አይችልም፤ የፈረስ ተፈጥሮ ይህን አይፈቅድምና። በጨጓራና በትንሹ አንጀት ያልተፈጨው የእህል ስታርች ወደ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ይቦካል፤ የሚፈጠረው አሲድና መርዝ ወደ ደም ገብቶ ኮቴውን ይጎዳል። ከድርቅ በኋላ ዝናብ ሲጥል የሚበቅለው ለምለም ሣርም ስኳር ስለሚበዛበት ተመሳሳይ አደጋ አለው። ከወሊድ በኋላ ያልወጣ የእንግዴ ልጅ፣ ከባድ ተቅማጥ፣ እንዲሁም አንዱ እግር ታሞ ክብደት ሁሉ በሌላው ላይ ሲወድቅ በሽታው ይነሳል። በደንብ በተቀለቡና በወፈሩ ፈረሶች ላይ ዋናው ምክንያት ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ መብዛቱ እንደሆነ ተረጋግጧል።

ምልክቶቹ

ሀ. ፈረሱ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ሲዞር ይሠቃያል፤ ብዙ ጊዜ ይተኛል።
ለ. ኮቴው ሲዳሰስ ይሞቃል፤ ከኮቴው በላይ ባለው የቁርጭምጭሚት አካባቢ የደም ትርታው ጎልቶ ይሰማል።
ሐ. በሽታው ሲቆይ በኮቴው ግድግዳ ላይ ከፊት የተጠጋጉ፣ ወደ ተረከዝ እየተራራቁ የሚሄዱ ቀለበቶች ይታያሉ፤ ፊቱ ይጎደጉዳል፤ መርገጫው ይለጠጣል።

አህያ ሕመሟን ስለምትደብቅ ምልክቱ ይህን ያህል አይጎላም። ዝም ብላ ከቆመችና መኖ ከተወች ሁኔታዋ አስጊ ነው ተብሎ ይወሰድ።

የመጀመሪያ እርዳታ

በምሳሌው የተጠቀሰው ፈረስ ሲገኝ ሊደረግ የሚገባው በቅድሚያ እህሉን ማስወገድና የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው። ሐኪም እስኪደርስ ኮቴዎቹን ማቀዝቀዝ ይጠቅማል። በበረዶ ውኃ ለ2 ወይም ለ3 ቀን ያለማቋረጥ የሚደረግ ማቀዝቀዝ፣ በተለይ ማነከስ ከመጀመሩ በፊት ከሆነ፣ የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ ታውቋል። በረዶ በማይገኝበት ሥፍራ ቶሎ ቶሎ በሚለወጥ ቀዝቃዛ ውኃ መጠቀም ይቻላል። እንስሳው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው አሸዋ ወይም ጭድ ላይ እንዲቆምና እንዲተኛ ይደረግ።

ሦስት ስሕተቶች ሊወገዱ ይገባል። አንደኛ፣ «ይፍታታ» ተብሎ ፈረሱን በግድ ማስኬድ የላላውን ማያያዣ ይበጥሰዋል። ሁለተኛ፣ በጋለ ብረት መተኮስና ኮቴን በስቶ ደም ማፍሰስ ቁስል ከመጨመር በቀር አያድንም፤ ፈረስ በመንጋጋ ቆልፍ በቀላሉ የሚጠቃ በመሆኑም ቁስሉ ሌላ ሞት ይጠራል። ሦስተኛ፣ ውኃ የጠማውና የከሳ እንስሳ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሕመም ማስታገሻ ቢሰጠው ኩላሊቱና ጨጓራው ሊጎዳ ይችላል።

የከሳውን ፈረስ ስለመመገብ

የተራበ እንስሳ ታዝኖለት በአንድ ጊዜ ብዙ መኖ ሲሰጠው የሚሞትበት ጊዜ አለ። ሰውነቱ በረሃብ ዘመን የለመደውን አሠራር በድንገት መለወጥ ስለማይችል የደሙ ማዕድናት ሚዛን ይናጋል። በጤናው ጊዜ 200 ኪሎ ይመዝን ለነበረ ፈረስ፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት በየ4 ሰዓቱ 200 ግራም ያህል አልፋልፋ ወይም ጥሩ ድርቆሽ ይሰጠው። ከ4ኛው ቀን ጀምሮ መጠኑ ቀስ በቀስ ጨምሮ በ10ኛው ቀን በቀን ወደ 2.5 ኪሎ ይድረስ፤ ከዚያም ወደ 3 እና 4 ኪሎ ይደግ። እህልና ፉርሽካ አይሰጠው። ንጹሕ ውኃና አሞሌ ጨው ግን ሁልጊዜ በአጠገቡ ይኑር።

በኮቴ ብግነት የታመመን እንስሳ ጨርሶ ማስራብም አይገባም። በተለይ አህያ መኖ ስታቆም የሰውነቷ ስብ ወደ ደሟ ገብቶ ለሞት ሊያበቃት ይችላል።

የኮቴ አስተካከል

የረዘመ ኮቴ በብዙ ወር የደረሰ ጉዳት ስለሆነ በአንድ ቀን አይስተካከልም። ጅማቶቹ የተሳሳተውን አቋም ለምደውታል፤ በአንድ ጊዜ የተቆረጠ ኮቴ ሌላ ሕመም ያስከትላል። ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይከናወን።

ሀ. አጣዳፊው ሕመም ከበረደ በኋላ ፈረሱ በለስላሳ መሬት ላይ ቆሞ፣ እግሩ ለአጭር ጊዜ ብቻ እየተነሣ ይሠራ።
ለ. በቅድሚያ የተቆለመመው የፊት ጫፍ በጉጠትና በሞረድ ይቀነስ፤ ረጅሙ ጫፍ በእያንዳንዱ እርምጃ ግድግዳውን ከአጥንቱ የሚያላቅቅ ማንሻ ነውና።
ሐ. ከፍ ያለው ተረከዝ ጥቂት በጥቂት ይውረድ። መርገጫው ግን አይፋቅ፤ ከአጥንቱ በታች የቀረው መከላከያ እርሱ ብቻ ነው።
መ. ሮዝ ቀለም ወይም ደም ከታየ ሥራው ወዲያውኑ ይቁም። መግል ከተገኘ ለሐኪም ይተው።
ሠ. ማስተካከሉ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ይደገም።

ኮቴ ከጠጉሩ ሥር እየተነሣ በወር ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። ስለዚህ የፊቱ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ በአዲስ እስኪተካ ከ9 እስከ 12 ወር ይፈጃል። ከላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ አዲስ ኮቴ መታየቱ የመዳን ተስፋ ምልክት ነው። እስከዚያ ድረስ ጭነት ክልክል ነው። ከዚያ በኋላም ፈረሱ በመጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ በቀላል ጭነት ይፈተን። አንዳንዱ ወደ ከባድ ጭነት ፈጽሞ አይመለስም። ይህ ለባለቤቱ ከመጀመሪያው በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ውሳኔ የሚጠይቀው ጊዜ

አጥንቱ መርገጫውን በስቶ የወጣ፣ መነሣት ያቃተው፣ ማስታገሻ እየተሰጠውም ሕመሙ የማይቀንስለት እንስሳ ሊገጥም ይችላል። እንዲህ ያለውን ወደ ሜዳ አውጥቶ ለጅብ መተው በብዙ ሥፍራ የተለመደ ቢሆንም የከፋ ጭካኔ ነው። ሐኪሙ ተስፋ እንደሌለው ካረጋገጠና ባለቤቱም ከተስማማ፣ ያለ ሥቃይ እንዲሞት ማድረግ ተገቢ ነው። በሌላ በኩል ሊድን የሚችለውን ፈረስ ለአንድ ዓመት የሚቀልበው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በቸልታ አይታለፍ። እህል ለራሱ ያጠረው ቤተሰብ ይህን ብቻውን ሊወጣው አይችልም። የእንስሳት መኖ በእርዳታ እቅድ ውስጥ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ዓለም አቀፍ የእንስሳት አስቸኳይ እርዳታ መመሪያ መኖን፣ ውኃንና የእንስሳት ሕክምናን ከእርዳታ ዓይነቶች መካከል ይቆጥራቸዋል።

ለኃላፊዎችና ለእርዳታ ሠራተኞች የቀረበ ማሳሰቢያ

1. በመጋዘንና በማከፋፈያ ጣቢያ ደጃፍ የፈሰሰ እህል በየዕለቱ ይጠረግ፤ አካባቢውም ይታጠር። ጠረጋው የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የታመመው ፈረስ ግን አንድ ዓመት ይፈልጋል።
2. ቤተሰብ ለሠፈራ ሲመዘገብ የጋማ ከብቱም ይመዝገብ፤ ማን እንደሚረከበው ከጉዞው በፊት ይወሰን።
3. ለእንስሳት ጤና ሠራተኞች ከሚላከው መድኃኒት ጋር ሞረድ፣ ጉጠትና የኮቴ ቢላዋ ይካተት።
4. ከዝናብ በኋላ የተራቡ እንስሳት ለለምለም ግጦሽ ጥቂት በጥቂት እንዲለመዱ ባለቤቶች ይመከሩ።
5. ባለቤቶች በየቀኑ ኮቴን አንሥቶ ማጽዳትንና መመርመርን እንዲለምዱ በዕደላ ቀን ትምህርት ይሰጥ።

ማጠቃለያ

በምሳሌው የቀረበው ፈረስ የተጎዳው በአንድ ሌሊት ስንዴ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ሲሄድ ተረካቢው አቅም ይኑረው አይኑረው አልተጠየቀም፤ ኮቴው ሲረዝም ያየ አልነበረም፤ የመጋዘኑ ደጃፍም አልተጠረገም። እነዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቁ ሊስተካከሉ የሚችሉ ነበሩ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። የሚያደርስ እግር እንዲኖረው ማድረግ ግን የሰው ድርሻ ነው። መልሶ ማቋቋም ማለት ሰውን ከነመተዳደሪያው ማቋቋም እንደመሆኑ፣ እርዳታውን እስከ ቤት የሚያደርሰው እንስሳም ከእቅዱ ውጭ ሊሆን አይገባም።