ድመትንና ውሻን ባንድ ቤት ስለ ማላመድ

ጐተራውን አይጥ ያጠቃበት ገበሬ ድመት ያመጣል፤ ውሻው በመጀመሪያው ቀን ካሳደዳት ግን ትኰበልላለች፤ እህሉም ለአይጥ ይቀራል። ስለዚህ አዲሲቱ ድመት አስቀድሞ ጥቂት ቀናት በተዘጋ ክፍል ትቀመጥ። ሁለቱም የሚተኙበት ጨርቅ እየተለዋወጠ ይነጠፍላቸው፤ እነዚህ እንስሳት በአፍንጫቸው ይተዋወቃሉና። ቀጥሎ በተዘጋው በር ወዲያና ወዲህ ሆነው ይመገቡ። ከመገናኘታቸው በፊት ሁለቱም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት መወጋት ይገባቸዋል።

በሚገናኙበት ጊዜ ውሻው በገመድ ይያዝ፤ ድመቲቱን ግን ማንም አቅፎ አይያዛት፤ ስትደነግጥ የያዛትን ትቧጭራለችና። የምትሸሽበት ቆጥ ይኑራት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጅራት ነው፤ ውሻ ጅራቱን ሲቆላ ብዙ ጊዜ ደስታ ነው፤ ድመት ጅራቷን ስታወናጭፍ ግን ቍጣ ነው። ውሻው ዓይኑን ተክሎባት ደርቆ ቢቆም ወዲያው ይለያዩ፤ በማግሥቱም እንደገና ይሞከር። ሥራው ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ እስከዚያው ድረስ ሁለቱን ያለ ጠባቂ መተው አይገባም።